አባቴ ዲያሌሲስ ላይ ነው፣ አንዱ ክብደት ቀንስ ይለዋል ሌላው እንዳትቀንስ ይለዋል፣ የስብ ሆርሞን ምርመራውስ ምን ማለት ነው?

የአባቱ ልጅ (ሜሪላንድ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ኩላሊት እጥበት የምታውቁ ካላችሁ እባካቹ እርዱኝ፣ ቤታችን ውስጥ በዚህ ጉዳይ መስማማት አቅቶናል። አባቴ 61 ዓመቱ ነው፣ ስኳርና ግፊት ኩላሊቱን ጨርሶበት አሁን በሳምንት ሶስት ቀን ማክሰኞ ሐሙስ ቅዳሜ አራት አራት ሰዓት ይታጠባል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ነው፣ ክብደቱ 104 ኪሎ፣ ቢኤምአይ የሚሉት፣ ክብደት ከቁመት ጋር የሚነጻጸርበት ቁጥር፣ ወደ 36 ይመጣል። ቦርጩም ቀላል አይደለም።

የንቅለ ተከላ ማዕከሉ ቢኤምአይህ ከ35 በታች ካልወረደ ዝርዝር ውስጥ አናስገባህም አሉት። እሱ ደግሞ አንዴ ከተነገረው አይመለስም፣ እራት ተወ፣ ሁዳዴን ጾሞ ከፋሲካ በኋላም ስጋ እምቢ አለ። ከዛ ዲያሌሲስ የሚደረግለት ቦታ ያለችው የምግብ ባለሙያ ይሄን ስትሰማ ተቆጣች፣ እጥበት ላይ ወፈር ያለው ሰው ነው ረጅም ዕድሜ የሚኖረው፣ ማን ቀንስ አለህ አለችው። ሁለቱም ባለሙያ ናቸው እኮ፣ እኛ ማንን እንስማ?

በዚህ መሀል የአክስቴ ልጅ ክሊኒክ ስለምትሰራ የስብ ሆርሞን ምርመራ አሰራችለት። አዲፖኔክቲን የሚባለው 24 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር መጣ፣ ሌፕቲን የሚባለውም በጣም ከፍ ብሏል። ኢንተርኔት ላይ ስናይ አዲፖኔክቲን ከፍ ማለቱ ጥሩ ነው፣ ከስኳርም ከልብ ድካምም ይጠብቃል ይላል፣ አክስቴ እልል አለች። እኔ ግን ሆዴ አላመነም። ምክንያቱም ሰውየው እየሟሸሸ ነው የሚመስለኝ፣ የእጅ ሰዓቱ ክንዱ ላይ ይዞራል፣ ጉንጩ ገብቷል፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ያው 104 ነው። ማታ ማታ እግሩ ያብጣል፣ ትራስ ደርቦ ነው የሚተኛው። የምርመራው ውጤት ጥሩ ከሆነ ለምንድነው እንዲህ የሚሆነው? ደግሞ ኦዘምፒክ የሚባለውን የስኳርና ክብደት መቀነሻ መርፌ ይጀምር የሚሉም አሉ። የምታውቁትን ንገሩኝ።

ሲስተር መ. (ቨርጂኒያ)፦

ወንድሜ ሰላም። እኔ የዲያሌሲስ ነርስ ነኝ፣ መጀመሪያ አገር ቤት አሁን ደግሞ እዚህ። የሆርሞኑን ነገር ሌላ ሰው ያስረዳህ፣ እኔን ያስደነገጠኝ መጨረሻ ላይ የጻፍከው ነው። ክንዳቸው ቀጥኖ ሰዓቱ እየዞረ ኪሎው ያው ከሆነ፣ እግር ካበጠና ትራስ ከተደረበ፣ ሥጋቸው ወርዶ ቦታውን ውሃ ይዞታል ማለት ነው። ይሄን ቤተሰብ ነው ቀድሞ የሚያየው፣ ሚዛን አይናገርም።

እንዴት መሰለህ፣ ማሽኑ ላይ ስናስገባቸው ደረቅ ክብደት የሚባል ቁጥር አለ፣ ትርፍ ውሃ ከወጣ በኋላ ሰውየው መሆን ያለበት ኪሎ ማለት ነው። ያን ቁጥር ሐኪሙ ይወስናል፣ እኛ በመጡበትና በዛ መሀል ያለውን እንደ ውሃ ቆጥረን እናወጣለን፣ አንድ ኪሎ አንድ ሊትር። አሁን አባትህ ሶስት ኪሎ ሥጋ ቢያጡና ቁጥሩ ሳይቀየር ቢቆይ፣ ማሽኑ በየጊዜው ሶስት ሊትር ውሃ ውስጣቸው ትቶ ይመልሳቸዋል። ግፊት ይጨምራል፣ ሳንባ ላይ ይወጣል፣ ልብ ይደክማል። ትራስ መደረብ የጀመሩት ለዚህ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እስከ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ደውለህ ደረቅ ክብደቱ እንደገና ይታይ በላቸው፣ ምግብ እንደቀነሱና እግር እንደሚያብጥ ሳታስቀር ንገር። ትንፋሽ ካጠራቸው ግን ስልኩንም ተወው፣ ቀጥታ ኢመርጀንሲ።

ደግሞ ልብ በል፣ ቢኤምአይ የሚሰላው በደረቅ ክብደት ነው። በአባትህ ቁመት 35 ማለት 101 ኪሎ ገደማ ነው። ከነዛ ሶስት ኪሎዎች ውስጥ ስንቱ ውሃ ስንቱ ስብ እንደሆነ ሳይታወቅ ሰውየውን በረሃብ መቅጣት ትክክል አይደለም።

ኔፍሮ (ሐኪም)፦

ሲስተር የተናገረችው ቅድሚያ ይሰጠው። እኔ ኩላሊት ላይ የምሰራ ሐኪም ነኝ፣ አባትህን ስላላየኋቸው ለሳቸው ይሄን ውሰዱ አልልም፣ ግን የምርመራው ትርጉም እንዲገባህ ትንሽ ልጻፍ፣ ይረዝማል ታገሠኝ።

ስብ ዝም ብሎ የተከማቸ ጮማ አይደለም፣ ሆርሞን የሚያመነጭ ሥራ ያለው አካል ነው። ሌፕቲን በ1994 ተገኘ፣ አዲፖኔክቲን በ1995። ሌፕቲን ስቡ በበዛ ቁጥር ይጨምራል፣ ለአንጎል በቃህ ጠግበሃል የሚለው እሱ ነው። አዲፖኔክቲን በተቃራኒው ቦርጭ ሲበዛ ይቀንሳል፣ ኢንሱሊን በደንብ እንዲሰራ ያግዛል፣ የደም ሥርን ከመቆጣት ይጠብቃል። ኩላሊቱ ደህና የሆነ ሰው ላይ አዲፖኔክቲን ከፍ ሲል ደስ ይለናል፣ እናንተ ያነበባችሁት እሱን ነው። ውሸት አይደለም፣ ግን የተጻፈው ለአባትህ አይደለም።

ዲያሌሲስ ላይ ሁለቱም ከፍ ይላሉ። ሌፕቲንን ከደም የሚያጸዳው በዋናነት ኩላሊት ነው፣ ኩላሊቱ ሲቆም ሌፕቲን ይጠራቀማል፣ ተራው ማጣሪያም በደንብ አያወጣውም። ስለዚህ የሌፕቲኑ ቁጥር ግማሹ ስቡን ግማሹ ደግሞ የኩላሊቱን መቆም ነው የሚነግርህ። አዲፖኔክቲንም እንደዛው፣ በ2002 ጣሊያን ሬጆ ካላብሪያ ውስጥ እነ ካርሚኔ ዞካሊ 227 የሚታጠቡ ሰዎች ላይ ሲለኩ ከጤነኛው ሰው ሁለት እጥፍ ተኩል ሆኖ አገኙት፣ አማካዩ 15 ነበር፣ ጤነኞቹ ላይ 6 ገደማ። አባትህ 24 መምጣታቸው ብቻውን እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። እነዛው ጣሊያኖች ከታካሚዎቹ መሀል አዲፖኔክቲኑ ከፍ ያለው ሰው የልብና የደም ሥር አደጋው ቀንሶ አገኙት፣ በእያንዳንዷ 1 ማይክሮግራም ጭማሪ 3 በመቶ ያህል። ሁላችንም ይሄ ነገር እዚህም ይጠብቃል ብለን ነበር። ከዛ ሌሎች ጥናቶች መጡና ተቃራኒውን አሳዩ፣ በ2015 አሜሪካ ውስጥ 500 ገደማ የሚታጠቡ ሰዎች ላይ በተሰራው አዲፖኔክቲናቸው ከፍተኛ የሆኑት ላይ ነው ሞት የበዛው። ለምን? አንዱ ምክንያት ሰው ሲከሳ፣ ጡንቻውና ስቡ ሲሟሟ፣ ልቡም ሲደክም አዲፖኔክቲን ይጨምራል። ስለዚህ ከፍ ያለው ቁጥር የጥበቃ ምልክት ሳይሆን የመሟሸሽ ምልክት ሊሆን ይችላል። እነ ዞካሊ ራሳቸው በ2011 ተመልሰው ሲያዩት የሁለቱም ሆርሞኖች ትርጉም በወገብ ልክ እንደሚቀያየር አሳይተዋል፣ አንድ ዓይነት ቁጥር ወገበ ቀጭኑ ላይና ቦርጫሙ ላይ አንድ ነገር አይናገርም። አባትህ ደግሞ ቦርጭም አላቸው፣ ክንዳቸውም እየቀጠነ ነው፣ እግራቸውም ያብጣል። በእንዲህ ያለ ሰው ላይ በአንድ የአዲፖኔክቲን ውጤት እልል ማለትም መደንገጥም አይቻልም። አክስትህ ቅር አይበላቸው።

ዳይቲሺያኗ፣ የምግብ ባለሙያዋ ማለቴ ነው፣ ያለችው ደግሞ ከየት መጣ? ኦቢሲቲ ፓራዶክስ የሚባል ነገር አለ። እጥበት በሌለበት ሰው ላይ ውፍረት ዕድሜ ያሳጥራል፣ እጥበት ላይ ባለው ሰው ግን ጥናት በጥናት ላይ ሲደራረብ ቢኤምአዩ ከፍ ያለው ብዙ ይኖራል። በ2006 ካሊፎርኒያ ውስጥ እነ ካምያር ካላንታር ዛዴህ 535 ሰዎች ላይ የሰውነት ስብን ራሱን ለክተው ነበር፣ ስባቸው ከ12 በመቶ በታች የሆኑት ከ24 እስከ 36 በመቶ ካላቸው ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት ዕድላቸው አራት እጥፍ ሆነ፣ ስባቸው በጊዜ ሂደት እየቀነሰ የሄደባቸውም ከሌሎቹ የባሰ ነበር። እጥበት ላይ ያለን ሰው ቶሎ የሚጥለው ኢንፌክሽንና ምግብ አልባ መሟሸሽ ነው፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ጎተራ ያለው ሰው ያን ጊዜ ያልፈዋል። ውፍረት የሚያመጣው ጉዳት ደግሞ ዓመታት ይፈጃል።

ግን ይሄ ማለት ብላና ወፍር ማለት አይደለም! እነዚህ ጥናቶች ሰውን እያዩ የመዘገቡ ናቸው እንጂ ሰውን አወፍረው ዕድሜ የጨመሩ አይደሉም፣ በጠና የታመመ ሰው መጀመሪያውኑ ይከሳል። ቢኤምአይ ደግሞ ስብና ጡንቻ ውሃም አይለይም። በ2009 ጣሊያኖቹ 537 ታካሚዎች ላይ ወገብ በሜትር ሲለኩ ምን አገኙ መሰለህ፣ ወገቡ በ10 ሴንቲ ሜትር ሲጨምር በማንኛውም ምክንያት የመሞት አደጋ በ23 በመቶ፣ በልብ ምክንያት የመሞት ደግሞ በ37 በመቶ ከፍ አለ። እዛው ሰዎች ላይ ቢኤምአይ ሲጨምር ግን አደጋው ቀንሷል። ሆድ ዕቃ መሀል የገባው ስብ ሰውነትን የሚያስቆጡ ኬሚካሎች ይረጫል፣ ቆዳ ሥር ጭንና ዳሌ ላይ ያለው ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ ማዕከሉም ዳይቲሺያኗም የየራሳቸው እውነት ይዘዋል፣ ሁለቱም ግን ኪሎ ነው የሚጠሩት። መጠየቅ ያለበት የሚቀንሰው ቦርጩ ነው ወይስ ጡንቻው የሚለው ነው፣ አሁን አንተ በምትነግረን ጡንቻው ነው እየሄደ ያለው።

የስብ ሆርሞኑን ምርመራ አትድገሙት፣ አዲፖኔክቲን ይሄን ያህል ስለሆነ ይሄን መድኃኒት እንስጥ የሚል መመሪያ የለም፣ ለምርምር እንጂ ለሕክምና ውሳኔ ገና አልደረሰም። በምትኩ በየወሩ ከሚሰሩላቸው ውስጥ አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን ስንት እንደሆነ ጠይቅ፣ ከ3.8 በታች ከሆነ እንጨነቃለን። ሲአርፒ የሚባለው፣ ሰውነት መቆጣቱን የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ይታይ። ሳያስቡት በሶስት ወር ከክብደታቸው 5 በመቶ ከወረዱ፣ በውሃ ካልተሸፈነ ማለቴ ነው፣ ትልቅ ምልክት ነው። ወገባቸውን እጥበት ሲጨርሱ ለካ፣ ከመጨረሻው ጎድንና ከዳሌ አጥንት መሀል፣ ሁሌ እዛው ቦታ። እጅ ሲጨብጡህ ጉልበታቸውን ታውቀዋለህ፣ በመሣሪያ የሚለካበትም አለ።

የፒያሳዋ (አዲስ አበባ)፦

ዶክተር እግዜር ይስጥልን። እኔ ወንድሜ ነው የሚታጠበው፣ እዚህ በሳምንት ሁለቴ ነው፣ ሶስተኛውን ከኪሳችን መክፈል አልቻልንም፣ እንደኛ ያለው ብዙ ነው። ስለዚህ እናንተ አሜሪካ ሶስት ቀን የምታገኙ ሰዎች ፈጣሪን አመስግኑ፣ አንድም ቀን እንዳያስቀሩ።

መናገር የፈለኩት ስለ ስጋው ነው። ወንድሜ እጥበት ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙ ፕሮቲን ቀንስ ብሎት ነበር፣ ትክክል ነው የዛን ጊዜ። እጥበት ከጀመረ በኋላ ግን ያ ትዕዛዝ ይገለበጣል፣ ይሄን የነገረን ሰው የለም፣ ራሱ ያችኑ ምክር ይዞ ሲከሳ ሲከሳ ከረመ። ኩላሊት የሚታይበት ክሬቲኒን የሚባለው የደም ምርመራው ከ12 ወደ 8 ሲወርድ ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ እያለ መጣ፣ ኩላሊቱ እየተመለሰ ነው ተብሎ። ሌላ ሐኪም ጋ ስንሄድ ነው እውነቱ የተነገረን፣ ክሬቲኒን ከጡንቻ ነው የሚመጣው፣ እጥበቱ ሳይጨምር ሽንቱም ሳይመለስ ከወረደ ጡንቻው አልቋል ማለት ነው አለን። የሚያጥበው ቦታ በየወሩ ያን ወረቀት ሲሰጠን አንድ ሰው እንኳን ቃል አልተነፈሰም፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባቱን አነጋገርናቸው፣ አንተ ህመምተኛ ነህ ምግብህ መድኃኒትህ ነው ብለው ፈቀዱለት። አባትህም የሚሰሟቸው አባት ካሉ በሳቸው በኩል ብትሄድ ይሻላል፣ የልጅ ቃል ብዙ አይሰሙም እኮ። አሁን ጠዋት ጠዋት የእንቁላል ነጩን ነው የምሰጠው፣ አስኳሉን እኔ እበላዋለሁ፣ ነጩ ፎስፈረስ የለውም ማለት ይቻላል። ዶሮም ዓሣም ትንሽ ትንሽ። ድንችና ጎመን ከሆነ ቆራርጬ በብዙ ውሃ ቀቅዬ ውሃውን ደፍቼ ነው፣ ፖታሺየሙ እንዲቀንስ። ጨው ግን ጨርሶ ነው የተውነው፣ ጨው ከበላ ውሃ ይጠማዋል፣ ከጠጣ ደግሞ እሱን ነው ተሸክሞ የሚመጣው።

ኔፍሮ (ሐኪም)፦

የፒያሳዋ እንዳለችው ነው። እጥበት ላይ ላለ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ነው የሚመከረው፣ ከመታጠቡ በፊት ግን ከዛ በታች ነበር። በአንድ እጥበት ብቻ ከ6 እስከ 12 ግራም አሚኖ አሲድ አብሮ ይወጣል፣ አንድ ሁለት እንቁላል እንደመድፋት ነው። ወፍራም ሰው ላይ በየትኛው ኪሎ እንደሚሰላ ዳይቲሺያኗ ትወስን። ቦርጭ አለ ብሎ ፕሮቲን የሚቀንስ ሰው ስቡን ሳይሆን ጡንቻውን ነው የሚበላው።

ቤቲ (ነታንያ)፦

እኔ ልጠይቅ በዚሁ፣ እናቴ በሆድ ነው የምትታጠበው፣ እቤት ማታ በማሽን። ከጀመረች ወዲህ ቦርጭ አውጥታለች፣ ምግቧ ግን ያው ነው። ወገቧንስ እንዴት ልለካ?

ኔፍሮ (ሐኪም)፦

ቤቲ፣ ሆድ ውስጥ የሚገባው ፈሳሽ አብዛኛው ግሉኮስ አለው፣ ውሃ የሚስበው በሱ ነው፣ ከግሉኮሱም የተወሰነው ወደ ደም ይገባና ካሎሪ ይሆናል። ግሉኮሱ የበዛበትን ጠንካራውን ፈሳሽ ባበዙ ቁጥር ይብሳል፣ ጨው ከቀነሱ ጠንካራው ላያስፈልግ ይችላል። ወገቧን ፈሳሹ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ሆዷ ባዶ ሲሆን ለኪ። አይኮዴክስትሪን የሚባል ግሉኮስ የሌለው ፈሳሽ አለ፣ ሐኪሟን ጠይቂ፣ ስኳር ካለባት ግን አንዳንድ የጣት መለኪያዎች በዚህ ፈሳሽ ምክንያት ከእውነተኛው በላይ ስለሚያነቡ መለኪያው የትኛው እንደሆነ ቀድሞ ይጣራ።

የአባቱ ልጅ፦

አላችሁኝ፣ እናንተ ባትኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር። ሲስተር እንዳለችው ደውዬ ዛሬ አዩት፣ ሐኪሙ ሳንባው ሥር ውሃ አለ ብሎ ደረቅ ክብደቱን ሊያወርዱለት ነው። አልቡሚኑ 3.5 ነው አሉኝ። እንቁላሉን ዛሬ ራሱ በላ፣ ስጋውን ገና ነው። የኦዘምፒኩ ነገርስ? ማዕከሉ ራሱ አንስቶለት ነበር።

ኔፍሮ (ሐኪም)፦

3.5 ዝቅተኛ ነው፣ ውሃው አቅጥኖት ሊሆንም ስለሚችል ትርፉ ውሃ ከወጣላቸው በኋላ ይደገም።

ኦዘምፒክን በተመለከተ፣ በ2024 የወጣው ፍሎው የሚባለው ትልቅ ጥናት ስኳርና የኩላሊት ህመም ያለባቸው 3,533 ሰዎች ላይ መድኃኒቱ ዋና ዋና የኩላሊት ጉዳትን 24 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል፣ ግን እጥበት የጀመሩ ሰዎች እዛ ውስጥ የሉም። ማዕከሎች ለንቅለ ተከላ ለማድረስ ይጠቀሙበታል፣ ክልክል አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። አሁን አልቡሚናቸው ወርዶ፣ ምግብ እምቢ ብለው፣ የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መድኃኒት ቢጨመር የቀረውን ጡንቻ ይወስደዋል። መጀመሪያ ውሃው ይውጣ፣ መብላት ይጀምሩ፣ አልቡሚኑ ይነሳ፣ ከዛ በቀስታ ከትንሹ መጠን መጀመር ይቻል ይሆናል። ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ መጠኑ አብሮ ይስተካከል፣ ኩላሊት የሌለው ሰው ላይ ኢንሱሊን ቶሎ አይወጣም፣ ስኳር ወርዶ ራሳቸውን እንዳይስቱ። ዓይናቸውም ቀድሞ ይታይ።

ሰላማዊት (አትላንታ)፦

ወንድሜ፣ እኔ ንቅለ ተከላ ተደርጎልኛል፣ እኔም ለመግባት ክብደት ቀንሺ ተብዬ ነበር። ማዕከሉ ዝም ብሎ አይደለም የሚያስቸግረው፣ ቦርጭ ሲበዛ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፣ ያመረቅዛል፣ ለኩላሊቱ የሚሰጡት መድኃኒቶች ደግሞ በራሳቸው ስኳር ያመጣሉ። ግን ገደቡ በየማዕከሉ ይለያያል፣ አንዱ 35 ሲል ሌላው እስከ 40 የሚቀበል አለ፣ ከአንድ በላይ ማዕከል መመዝገብ ይቻላል፣ ጠይቅ። እኔን የጠቀመኝ ኪሎ ሳይሆን እግር ነው። እጥበት የሌለበት ቀን ምግብ በልቼ ሰፈር ውስጥ እዞር ነበር፣ ማሽኑ ላይ ተቀምጬም እግሬ ላይ ትንሽ ክብደት አስረው ያነሳሱኝ ነበር፣ ወገቤ ሲቀንስ ኪሎዬ ብዙም አልወረደም፣ የቀዶ ሐኪሙ ሆዴን በእጁ ዳብሶ ነው ይሄ ይሆናል ያለው።

ሲስተር መ. (ቨርጂኒያ)፦

እሰይ፣ ስለደወልክ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ደረቅ ክብደቱን ሲያወርዱ በአንዴ ሶስቱንም ሊትር እንዳያወጡባቸው፣ በየእጥበቱ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ዝቅ እያደረጉ ነው የሚሄደው። ጡንቻ ከጨመደዳቸው፣ ካዛጉ፣ ካላባቸው ወይ ጆሯቸው ከደፈነ ግፊታቸው እየወረደ ነው፣ ይቻላል ብለው እንዳይችሉት፣ ወዲያው ለነርሷ ይንገሩ። የኛ አባቶች እኮ እስኪወድቁ ድረስ ደህና ነኝ ነው የሚሉት። የግፊት መድኃኒታቸውንም እጥበት ባለበት ቀን ጠዋት ይውሰዱ ወይስ ማታ ብለህ ጠይቅ፣ ውሃው ሲወጣ መድኃኒቱ ሊበዛባቸው ይችላል። እጥበት በጨረሱ ቁጥር ክንዳቸው ላይ ያለውን ፊስቱላ፣ ለእጥበት መርፌ የሚገባበትን የተገጠመ የደም ሥር፣ በመዳፋቸው ይንኩት፣ ንዝረቱ ከጠፋ ግፊት ወርዶ ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በዛው ሰዓት ደውሉ።